የልብስ ሰፊው ደም

መስቀል አደባባይ ዳር ወደተተከለው የደም ልገሳ ድንኳን ስገባ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው በአልጋዎቹ ላይ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከጥጡና ከአልኮሉ ጎን፣ በትንሽ ብልቃጥ የተቀዳ ሰማያዊ ውሃ አየሁ። ሚያዝያ ነው፤ ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፤ ውጭ የታክሲ ረዳቶች "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያሉ ይጣራሉ። ነርሷ ጣቴን በአልኮል ጠርጋ ጫፉን ወጋ ስታደርገው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ድንኳኑ ውስጥ መሆኔ ቀረና ከሃያ ዓመት በፊት በነበረ አንድ ክፍል ውስጥ ከአባቴ ጀርባ ቆምኩ።

የሰማያዊው ውሃ ስም ኮፐር ሰልፌት ነው። ከጣት የተወሰደች አንዲት የደም ጠብታ ትጣልበታለች። ደሙ በቂ ሄሞግሎቢን ካለው ከውሃው ይከብዳልና ጠብታዋ ሳትዘገይ ትሰምጣለች፤ ካነሰው ግን ትንሳፈፋለች። መለኪያው በዴሲ ሊትር 12.5 ግራም ነው። መብራት አይፈልግ፣ ማሽን አይፈልግ፤ ዓይን ብቻ ይበቃዋል። የአባቴ ጠብታ ክብ ሆና ገባች፤ ጥቂት ወረደች፤ መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ላይ ተመለሰች።

"የእርስዎ አይሆንም አባቴ፤ ለራስዎም አይበቃዎት" አለው ባለሙያው።

አባቴ የዘረጋውን እጁን አልሰበሰበም። "ልጄ ናት እኮ" አለ።

"አውቃለሁ አባቴ።"

"አታውቅም። ልጄ ናት እያልኩህ ነው።"

አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። በማያውቀው ሰው ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እኔም ከኋላው ሆኜ "የእኔን ውሰዱ" አልኩ። ባለሙያው ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ አስረኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ደም አይሰጥም፤ ይኸው ነው፤ ሁለታችንም ወንበሩን ለሌላ ሰው ለቀን ወጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት በሚወርድበት ሰሞን ነው። ሕፃኗ በሰላም ወጣች፤ እልል ተባለ። እልልታው ሳያባራ አዋላጇ ብቅ ብላ የቅርብ ዘመድ ጠራች። ደሙ አልቆም ብሏል። እንደዚህ ዓይነቱ ደም መፍሰስ በዓለም ላይ በወሊድ ምክንያት ከሚሞቱ እናቶች እጅግ ብዙዎቹን የሚወስድ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ያወቅሁት የአዋላጇን የጫማ ሶል ብቻ ነው፤ በተራመደች ቁጥር ሲሚንቶው ላይ ምልክት ይተው ነበር። "ደም እንዲሰጣት ታዟል፤ ምትክ የሚሰጡ ሰዎች ይዛችሁ ኑ" ተባልን።

ምትክ የዘመኑ ደንብ ነበር። ለታማሚ ደም ከባንክ ይወጣል፤ በወጣው ልክ ዘመድ ይተካል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ያን ቀን በዚያ ኮሪደር የተሰበሰበው ዘመድ ቀላል አልነበረም። አጥሚቱን በፔርሙስ ይዘው የመጡ፣ ገንፎ ለማገንፋት የተዘጋጁ፣ ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነስተው የደረሱ ነበሩ። ደም ሲባል ግን አንዱ ስኳር እንዳለበት ትዝ አለው፤ ሌላው ፍልሰታን እየጾመ ስለሆነ አቅም እንደሌለው ተናገረ፤ አንደኛው አጎቴ እኛን ተከትሎ እስከ ደም ባንኩ በር መጣና ቀጠሮ አለኝ ብሎ ተመለሰ። ለብዙ ዓመታት በልቤ ይዣቸው ቆይቻለሁ። ዛሬ አልይዝባቸውም። ደም የሰጠ ሰው ጉልበቱ አይመለስም ይባል ነበር። ከዚያም የሚብስ ፍርሃት ነበር፤ የተሰጠ ደም ይመረመራል፣ ምርመራው ደግሞ ኤች አይ ቪን ይጨምራል። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ1995 ራስን ማወቅ ማለት ለብዙ ሰው የሞት ፍርድን ከነቀኑ መስማት ማለት ነበር። አጎቴ ደሙን አልሰሰተም፤ ውጤቱን ነው የፈራው። ይህን ሳልረዳ እስከ ቀብሩ ድረስ ቂም ይዤበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቆጨኝ ነበር።

ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰዎች ቆመዋል። ቀጠን ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ የሚሮጥ ዘመድ ሲያዩ ጠጋ ይላሉ። "ሰው ቸግሯችሁ ነው?" አለኝ አንዱ። ዘመድ ነኝ ብለው ይሰጣሉ፤ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። ሸሚዙ እጅጌው ላይ ተቀዶ ስለነበር ክንዱ ላይ የመርፌውን ጠባሳ አየሁት። ስንት ጊዜ ተወግቶ ይሆን? ምን በልቶ ነው የሚሰጠው? የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ክፍያና ያለ ግዴታ በፈቃድ የሚሰጥ ደም ብቻ ይሁን እያለ የሚወተውተው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው የቸገረው እንደሆነ ሕመሙን ይደብቃል፤ ዘመዱ እየሞተበት ያለ ሰውም ይደብቃል። አባቴ ስለ ጨጓራ ቁስለቱ ሲጠየቅ ምንም የለብኝም ብሎ ነበር። ሰማያዊው ውሃ ባይኖር ኖሮ ያልፍ ነበር።

ልብስ ሰፊያችን የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። የሰፈራችን ሰው ነው እንጂ ዘመዳችን አልነበረም፤ ከእናቴ ጋር የሚያገናኛቸው የእድር መዝገብና የቀሚስ ጥልፍ ብቻ ነው። ወሬውን ጎረቤት ነግራው ሱቁን ሳይዘጋ ነው የወጣው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጠመኔው ከጆሮው ጀርባ እንደተሰካ ነው። እናቴን አልተሳለማትም፣ አይዞሽም አላላትም። "የት ነው የሚሰጠው?" ብቻ አለ።

የሆስፒታሉን ማዘዣ ወረቀትና የእህቴን ደም የያዘች ትንሽ ብልቃጥ ለእኔ ሰጡኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ስታዲየም አካባቢ ወደነበረው የቀይ መስቀል ደም ባንክ ሄድን። ብልቃጧን በመዳፌ ይዣት ነበር፤ ለብ ትላለች። የእህቴ ሙቀት ይሁን የእኔ አላውቅም፤ ግን እንዳትቀዘቅዝ ብዬ እስከምንደርስ ድረስ አልለቀቅኋትም። የልብስ ሰፊው ጠብታ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ስትገባ ጠጠር የወደቀ ያህል ወረደች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ስንመለስ በረዶ ያለበት ሳጥን ጭኔ ላይ ነበር፤ ቅዝቃዜው ቀሚሴን አልፎ ይሰማኛል። ማታ ላይ ደሙ ተሰቀለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠብታውን ስንቆጥር አደርን፤ ሊነጋ ሲል እህቴ ውሃ ጠየቀች። እናቴ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ልብስ ሰፊ እግር ላይ ወደቀች። "ከእንግዲህ ወንድሜ ነህ፤ ደምህ በልጄ ውስጥ ነው" አለችው። እንዲሁ አልቀረም። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከዶሮው ወጥ ፈረሰኛው የሱ ሆነ። ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ ቀሚሷን ሰፍቶ አመጣ። ልጅቷ አፍ ከፈታች ጀምሮ ሲያልፍ ባየችው ቁጥር "አያቴ" እያለች ትሮጥለታለች። እናቴ ለእንግዳ ሁሉ፣ "እሱ የደም ወንድሜ ነው" ስትል ሁለት ጊዜ አታስብም።

ችግሩ፣ ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑ ነው።

ይህን ያወቅሁት 18 ሞልቶኝ እኔም መስጠት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከሰው የተቀዳ ደም እዚያው ለታማሚ አይሰቀልም። ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ዓይነቱ ይለያል፤ ከታማሚው ደም ጋር መስማማቱ ይታያል። የልብስ ሰፊው ከረጢት በዚያች ምሽት ገና ምርመራ ላይ ነበረች። እህቴን ያዳናት ደም ቀደም ብሎ የተሰጠ፣ ተመርምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ፣ የሌላ ሰው ደም ነው። ይህ ብቻ አይደለም። እህቴ ኦ ፖዘቲቭ ናት። ልብስ ሰፊው ቢ ነው። ኦስትሪያዊው ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ ባሳየበት ሥራው ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ የማይገጥም ደም ከተሰጠ የታማሚው ሰውነት ይዋጋዋል። ኦ የሆነ ሰው ከኦ በቀር ከማንም ቀይ ደም አይቀበልም። የልብስ ሰፊው ደም እህቴ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ሊገድላት ይችል ነበር።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ምን ይጨመርላታል? የምታመሰግነው ሰው በእጇ ነው፤ ስሙን ታውቀዋለች፤ በሩን ታንኳኳለች፤ ሲታመም ሾርባ ይዛ ትሄዳለች። በኔ በኩል ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ያ ሌላው ሰው ማን ነበር? ያኔ ከባንኩ ደም አብዛኛው በምትክ የሚገባ ነበር። ስለዚህ ለእህቴ የደረሰው ደም የሌላ ቤተሰብ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። በሌላ ኮሪደር ሌላ እናት የሮጠችበት፣ ሌላ ጎረቤት ሱቁን ጥሎ የመጣበት። ምናልባት እነሱ የሮጡለት ሰው አልተረፈም። ደሙ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ወደኛ መጣ። እነዚያን ሰዎች መንገድ ላይ ብንተላለፍ አላውቃቸውም። በታክሲ ከአጠገቤ ተቀምጠው ሒሳብ አቀብለውኝም ያውቁ ይሆናል።

በዚያ ዘመንና በዛሬው መካከል ያለው ርቀት እዚህ ላይ ነው የሚሰማኝ። በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመውን ደም ባንክ ለአርባ ዓመታት ያህል ሲያስተዳድር ኖሮ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ነው ምትክ እየቀረ፣ ማንንም ሳያስቡ የሚሰጡ ሰዎች የበዙት። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አባቴን ከዚያ ወንበር የሚያወርድ ለውጥ ነው። አባት ለልጁ ሲል ሕመሙን እንዳይዋሽ፣ አጎት በምርመራ ፍርሃት ከዘመድ ዓይን እንዳይወድቅ፣ ቀጭኑ ልጅ አጥር ሥር ክንዱን እንዳይሸጥ የሚያደርግ ነው።

ያም ሆኖ መስጠት ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። የእኔም ጠብታ ተንሳፍፋ ታውቃለች። የዚያን ዕለት ከድንኳኑ የወጣሁት አባቴ በወጣበት ሁኔታ ነው፤ የሰጠሁት ነገር እንደተናቀብኝ ሁሉ ተሰማኝ። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያለች ነርስ ተከትላኝ መጥታ፣ "ቡና ትወጃለሽ?" አለችኝ። እወዳለሁ አልኳት። "ከምሳ ላይ ወዲያው አትጠጪ፤ ከምግቡ የምታገኚውን አይረን ያስቀርብሻል። ምስሩንና ጎመኑን ብዪ፣ ሎሚ ጨምቂበት፤ ቡናውን ገፋ አድርጊው።" እኛ አገር ምግብ ተነስቶ ቡና ሳይፈላ የሚኬድበት ቤት የት አለ? ግን አደረግሁት፤ ከወራት በኋላ ጠብታዬ ሰመጠች። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ይመለሱና ደግመው አይመጡም። ነርሷ ባትከተለኝ እኔም አልመጣም ነበር።

ሌላም አለ። ደም ሥሬ ቀጭን ነውና ውሃ ሳልጠጣ ከሄድኩ ይደበቃል፤ ይፈልጉታል፣ እጄን ይጠፈጥፉታል፣ ወደ ሌላኛው ክንድ ይዛወራሉ። ክብደት ከ45 ኪሎ በታች ከሆነ አይቻልም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትሰጥም። በሰጡ ሦስት ወር ሳይሞላ አይደገምም። ወባ የታመመ ሰው ጊዜ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ለተቀባዩም ለሰጪውም ጥበቃ ነው፤ ያም ሆኖ ሥራ አስፈቅዶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ደርሶ መመለስ ያማል።

ምክንያቱን በግልጽ ተነግሮ መመለስ ግን ክብር አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 እስራኤል ውስጥ የወጣውን ዜና ሳነብ ይህ ነው የታሰበኝ። ማዕሪቭ የተባለው ጋዜጣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን የሚሰጡት ደም በኤች አይ ቪ ፍርሃት ለዓመታት በምስጢር ሲጣል እንደኖረ አጋለጠ። ፊት ለፊት እያመሰገኑ ተቀብለው፣ ከኋላ ይደፉት ነበር። ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ። ለወታደር ልጁ፣ ለጎረቤቱ፣ ለአዲሱ አገሩ ብሎ ክንዱን የዘረጋ ሰው እንዲህ ሲደረግበት ምን እንደሚሰማው ለመረዳት አባቴን በዚያ ወንበር ላይ ማየት ይበቃኛል። የአባቴ ጠብታ ፊቱ ላይ ነው የተንሳፈፈችው፤ አይቷታል።

ወደ ሚያዝያዋ ድንኳን ልመለስ። ጠብታዬ ሰመጠች፤ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። መርፌው ሲገባ ያማል፤ ወፍራም ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ ይረሳል። ሰው የማይነግራችሁ ነገር የቱቦው ሙቀት ነው። በፕላስተር ክንዴ ላይ የተለጠፈው ቀጭን ቱቦ ደሜ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ከውስጤ የማላውቀው ሙቀት ከውጭ ሆኖ ቆዳዬን ይነካኛል። ብልቃጧን በመዳፌ የያዝኩባት ታክሲ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ ያኔ ነው። 450 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከረጢቷ ሚዛኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለች ትሞላለች፤ ውስጧ ባለው ፈሳሽ ምክንያት ደሙ አይረጋም፤ ቀዩ ደም በቅዝቃዜ 35 ቀን ይቆያል፤ ፕሌትሌት የሚባለው ግን ከአምስት ቀን አያልፍም። ስለዚህ ደም ዛሬ ተትረፈረፈ ተብሎ ለክረምት አይከማችም። በየቀኑ አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ብስኩቱንና ለስላሳውን ይዤ ጥላው ሥር ስቀመጥ ከአጠገቤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ሳላስብ ጠየቅሁት። "ለማንም" አለኝ፤ ግራ ገብቶት።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊውን ልጠይቀው ሄድኩ። አርጅቷል፤ ሲንጀሩን የሚረግጠው ልጁ ነው። ከዚያ ነሐሴ በኋላ በራሱ ፈቃድ እየሄደ ሲሰጥ መኖሩን አውቅ ነበር፤ 65 ዓመት ሲሞላው በቃዎት ብለውታል። ካርዱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ መሐል አውጥቶ አሳየኝ። "ቢ" ይላል።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ደም ለእህቴ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር?" አልኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅሁትን።

"ያኔውኑ ነግረውኛል። ያንተ ተመርምሮ ለሌላ ሰው ይሆናል አሉኝ።"

"ታዲያ ለእማዬ ለምን አልነገሯትም?"

ካርዱን ወደ ቦታው መለሰ። "እኔ እናቴ አንድ ብላ የወለደችኝ ሰው ነኝ፤ ወንድም እህት የለኝም። እናትሽ በሰው ፊት ወንድሜ ስትለኝ አይደለሁም ልበላት?" ዝም ብሎ ቆየና፣ "ደሞ ለሌላዋም ደርሷታል። እሷም የሆነ ሰው ልጅ ናት" አለኝ። ሁልጊዜ ሴት ናት ብሎ ነው የሚያስባት።

ቀጥሎ መቼ እንደምሄድ ጠየቀኝ። ሐምሌ ላይ ሦስት ወር እንደሚሞላኝ፣ ያኔ የእህቴ ልጅም አብራኝ እንደምትመጣ፣ አምና በክብደት መልሰዋት ዘንድሮ ግን 45 ኪሎን እንዳለፈች ነገርኩት።

"ሐምሌ ጥሩ ነው" አለ። "ተማሪው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፣ ዝናቡም ሰዉን ቤቱ ያስቀረዋል፤ ደም የሚጠፋው ያኔ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ቁርስ በልታ ትምጣ በያት።"